ከኮዬ ፈጬ ሰልፍ እስከ ዶክትሬት፦ የትራንስፖርት ጥናትን በየትኛው በር ልግባ?

ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ነው። አዲስ አበባ ዳር፣ ኮዬ ፈጬ ያለው የታክሲ ሰልፍ ሱቆቹን አልፎ ወደ ብሎኮቹ ታጥፏል። ከፊቴ የቆመችው የጎረቤቴ ልጅ ነች። ሲቪል ምህንድስና ልትመረቅ አንድ ዓመት ቀርቷታል። ዞር አለችና "ጋሼ፣ እርስዎ የሚያጠኑት ይሄንን ሰልፍ ነው አይደል? እኔም ብማረው ደስ ይለኛል። ግን በየት በኩል ነው የሚገባው?" አለችኝ።

ልመልስላት ስል ሃይገሩ መጣ። እሷ ገባች፣ እኔ ቀረሁ። ጥያቄዋ ግን አብሮኝ ዋለ። ተማሪዎቼም በየዓመቱ ይጠይቁኛል፣ መልሱም ቆሞ በሚወራ ወሬ አያልቅም። ወደዚህ ሙያ የሚያስገባው በር ብዙ ነው። በገባችሁበት በር ልክ ደግሞ የምታዩት ነገር ይለያያል። ስለዚህ አማራጮቹን ጎን ለጎን ላስቀምጥና የትኛው ለማን እንደሚሆን የመሰለኝን ልንገራችሁ።

ሙያው ምንድን ነው?

ሁለት ነገር አብሮ ይሄዳል። የትራንስፖርት ፕላን የሚባለው ከ10 ወይም ከ20 ዓመት በኋላ ስንት ሰው ከየት ወደ የት እንደሚሄድ ገምቶ፣ ለዚያ የሚሆን መንገድ፣ አውቶቡስ ወይም ባቡር ማቀድ ነው። የጉዞ ባህሪ ጥናት ደግሞ "ለምን?" ብሎ ይጠይቃል። ይቺ ሴት ለምን 11 ሰዓት ላይ ወጣች? አውቶቡሱን ትታ ታክሲ የተሰለፈችው ለምንድን ነው? ባለፈው ዓመት ያገኘችውን ሥራ የተወችው በደመወዙ ነው ወይስ በመንገዱ?

ዩኒቨርሲቲ ስትገቡ በዚህ ላይ ማስተማር፣ ተማሪ ማማከርና ማሳተም ይጨመራል። ደረጃው የታወቀ ነው፦ ከምሩቅ ረዳት ተነስቶ በሌክቸረር፣ በረዳት ፕሮፌሰርና በተባባሪ ፕሮፌሰር በኩል እስከ ፕሮፌሰር። ላይኛዎቹን ደረጃዎች ለመውጣት የታተመ ጥናት የግድ ነው።

አንድ ነገር ግን ከሁሉም በፊት ልበል። ዳር ከተማ መኖር ለዚህ ሙያ ሀብት ነው። ጀሞ፣ የካ አባዶ፣ ቦሌ አራብሳ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ፤ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታ በ1990ዎቹ መጨረሻ ከተጀመረ ወዲህ ብዙ ሕዝብ ከመሀል ወደ ዳር መጥቷል። ቤቱ ወጣ፣ ሥራው ግን መሀል ቀረ። የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ነው። ያኔ አዲስ አበባ 2.7 ሚሊዮን ሰው ነበራት። ያኔ ኮዬ ፈጬ የገበሬ ማሳ ነበር። ከዚያ ወዲህ እዚህ ስለተፈጠረው ሕይወት አንድ ሰው በጥንቃቄ ሰብስቦ የሚጽፈው ነገር ሁሉ ይፈለጋል። በዚያ ላይ ዙሪያችን ሸገር ከተማ ነው። ከገላን ተነስቶ ሳሪስ ሥራ የሚውል ሰው በማን መዝገብ ይቆጠራል? እንዲህ ያለ ጥያቄ በየበራችሁ ተቀምጧል።

ትምህርት ክፍሉ፦ ሲቪል፣ ከተማ ፕላን፣ ወይስ ጂኦግራፊና ኢኮኖሚክስ?

እኔ የገባሁት በሲቪል ነው። አምስት ኪሎ ባለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ግቢ በመንገድና ትራንስፖርት ምህንድስና ማስተርስ ይሰጣል። ጥቅሙ ግልጽ ነው። ሒሳብ አትፈሩም። ምርምሩ ባይሳካ እንኳ ሥራ አታጡም። ዩኒቨርሲቲ የትራንስፖርት መምህር ሲፈልግም ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚያየው የሲቪል ዲግሪ ነው።

ጉዳቱን በአንድ ምሳሌ ላሳያችሁ። በትራፊክ ቆጠራ ጊዜ ሁሉም ተሽከርካሪ ወደ መኪና ይመነዘራል። የቤት መኪና አንድ ትባላለች። አውቶቡስ ሁለት ወይም ሦስት ይባላል፤ የሚታየው በመንገዱ ላይ የሚይዘው ቦታ ነው። ውስጡ 80 ሰው ይኑር 8፣ ለውጥ የለውም። በእግሩ የሚሄደው ሰው ደግሞ በዚህ ስሌት ውስጥ የለም። አዲስ አበባ ውስጥ ግን ከሚደረገው ጉዞ ከግማሽ በላዩ በእግር ነው! ቆጠራው በራሱ ጥፋት የለበትም። አደባባይ ለመሥራት፣ መብራት ለመትከል ያስፈልጋል። ነገር ግን ዓመታችሁን በሙሉ በዚያ መነጽር ብቻ ካሳለፋችሁ ሰዉ ይጠፋባችኋል። እኔ ይሄ የገባኝ ዘግይቶ ነው። ሁለተኛ ዲግሪዬን ልጨርስ ስል፣ ስለ ቃሊቲ መንገድ ብዙ ገጽ ጽፌ፣ በዚያ መንገድ ስለሚያልፈው ሰው አንድ አንቀጽ እንደሌለኝ አየሁ።

ከተማ ፕላን ሌላ ዓይን ይሰጣል። ልደታ ያለው የዩኒቨርሲቲው የአርክቴክቸርና ከተማ ልማት ግቢ የዚህ ዋና ቤት ነው። እዚያ የምትማሩት ትልቁ ነገር፣ ጉዞ የሚጀምረው ታክሲ ተራ ላይ ሳይሆን ቤቱ የት ይሠራ ተብሎ የተወሰነ ቀን መሆኑን ነው። 20 ኪሎ ሜትር ርቆ የተሠራ ሰፈር የ20 ኪሎ ሜትር ጉዞ ይወልዳል። ካርታ ትወዳላችሁ? ስለ መሬት፣ ስለ ሰፈር፣ ስለ እግረኛ መንገድ ማሰብ ደስ ይላችኋል? እንግዲያው ይሄ የእናንተ ነው። ድክመቱ ስታቲስቲክስ ላይ ነው። ብዙ የፕላን ተመራቂዎች ጥሩ ጥያቄ ይዘው ይመጡና መረጃውን የሚተነትንላቸው ሰው ፍለጋ ይዞራሉ። ይሄ ግን በአንድ ክረምት ተቀምጦ በመማር ሊሞላ የሚችል ጉድለት ነው።

ሦስተኛው በር የዚያው ዩኒቨርሲቲ ስድስት ኪሎ ነው፦ ጂኦግራፊና ኢኮኖሚክስ። ተማሪዎች ይሄንን በር ይረሱታል። እኔ ደግሞ በጣም የምወደው እሱን ነው። የጉዞ ባህሪ ጥናት ሁለቱ ትልልቅ ሐሳቦች ከመንገድ መሐንዲሶች ሳይሆን ከዚህ ሰፈር የመጡ ናቸውና።

አንደኛው ቶርስተን ሄገርስትራንድ ነው፣ የስዊድን ጂኦግራፈር። በ1970 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ሐሳብ ቀላል ነው። ሰው የፈለገበት መሄድ አይችልም። ሦስት ገመዶች ያስሩታል። አንዱ አቅሙ ነው፤ መተኛት፣ መብላት፣ ያለው መጓጓዣ ፍጥነት። ሁለተኛው ከሌላ ሰው ጋር በአንድ ሰዓት አንድ ቦታ የመገኘት ግዴታ ነው። ሦስተኛው የቦታው ሕግ ነው፤ መቼ ይከፈታል፣ ማን ይገባል።

ይሄንን ወደ ብሎካችን አምጡት። አንዲት እናት ልጇን መዋዕለ ሕጻናት የምታደርሰው በሩ ሲከፈት፣ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ሥራዋ ሜክሲኮ አደባባይ ነው፣ 2 ሰዓት ተኩል ፊርማ ይነሳል። መሀሉ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሰልፍ አለ፣ የቃሊቲ መጨናነቅ አለ። አይደረስም። ስለዚህ ወይ አያት ትመጣለች፣ ወይ ሥራው ይቀራል። መጠይቅ ላይ "የትኛውን መጓጓዣ ይመርጣሉ?" ብላችሁ ብትጠይቋት "ታክሲ" ትላችኋለች። ምርጫ ግን አልነበራትም። ይሄንን ማየት የሚያስተምረው ጂኦግራፊ ነው።

ሁለተኛው ዳንኤል ማክፋደን ነው፣ ኢኮኖሚስት። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ ባርት የሚባል አዲስ ባቡር ሊጀምር ነበር። ይፋዊው ትንበያ ወደ ሥራ ከሚሄደው ሰው 15 በመቶው ይሳፈርበታል ይል ነበር። ማክፋደንና ባልደረቦቹ አገልግሎቱ ከመጀመሩ በፊት ሠራተኞችን በምን እንደሚሄዱ፣ ስንት እንደሚከፍሉ፣ ምን ያህል እንደሚጠብቁ ጠይቀው በሠሩት የምርጫ ሞዴል (ሰው ካሉት አማራጮች የትኛውን እንደሚይዝ በሚገምት ስሌት) 6.3 በመቶ ብለው ገመቱ። ባቡሩ ሲጀምር 6.2 በመቶ ሆነ። ለዚህ የምርጫ ትንተና ዘዴው በ2000 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተጋርቷል። እዚህም በመስከረም 2008 ባቡር ጀምረናል። ሁለት መስመር ነው፣ 34 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ የደቡቡ ጫፍ ቃሊቲ ያበቃል። ከቃሊቲ ወዲህ ያለነው ሰዎች ወደ ባቡሩ ለመድረስ ምን እናደርጋለን? ስንቶቻችን ቃሊቲ ላይ ወርደን እንሳፈራለን፣ ስንቶቻችን በዚያው ታክሲ እንቀጥላለን? የማክፋደን ዘዴ የተሠራው ለእንዲህ ያለ ጥያቄ ነው።

ታዲያ የቱ ይሻላል? ሲቪል ጀምራችሁ ከሆነ አታፍርሱት። ጨርሱትና ኢኮኖሜትሪክስ፣ ማለትም የኢኮኖሚ መረጃን በስታቲስቲክስ መተንተን፣ ጨምሩበት። ገና ልትጀምሩ ከሆነና ልባችሁ "ለምን?" ወደሚለው ካደላ፣ ኢኮኖሚክስን ወይም ጂኦግራፊን ጠንካራ ስታቲስቲክስ አክላችሁ ያዙ። ፕላን ለሚወድ ሰው ፕላን። ሶሺዮሎጂም አይዘጋም፤ ግን ብቻውን ይዞ የትራንስፖርት ትምህርት ክፍል ውስጥ መቀጠር ይከብዳል።

ዘዴው፦ ሞዴል፣ ሲሙሌሽን፣ ወይስ ቁጭ ብሎ መጠየቅ?

ከትምህርት ክፍሉ በላይ ኑሯችሁን የሚወስነው ይሄ ነው። ሃያ ዓመት ጠዋት ጠዋት ተነስታችሁ የምትሠሩት ዘዴውን ነውና።

የመጀመሪያው የድሮው አራት ደረጃ ሞዴል ነው። ከእያንዳንዱ ሰፈር ስንት ጉዞ ይነሳል? ወዴት ይሄዳል? በምን? በየትኛው መንገድ? በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ለአውራ ጎዳና ፕላን ተብሎ ያደገ ነው። ዛሬም አማካሪ ድርጅቶች ይሠሩበታል፣ ስለዚህ ማወቁ ግዴታ ነው። የሕይወታችሁ ምርምር አድርጉት ግን አልልም።

የምርጫ ሞዴል ሒሳብ ለሚወድ ሰው የሚያስደስት ሥራ ነው። ሰዎች ያደረጉትን ትጠይቃላችሁ፤ ወይም "ፈጣን አውቶቡስ በዚህ ዋጋ ቢመጣ?" ብላችሁ ገና የሌለውን አማራጭ ታቀርባላችሁ። ከመልሱ ሰው አንድ ሰዓቱን በስንት ብር እንደሚለውጥ ይወጣል። ባዮጄምና አፖሎ የሚባሉት ሶፍትዌሮች በነፃ ይገኛሉ፣ መካከለኛ ላፕቶፕ ይበቃቸዋል። ለእኛ አገር ተመራማሪ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ፈተናው የአማራጮቹ ዝርዝር ላይ ነው። የውጭ መማሪያ መጽሐፍ መኪና፣ አውቶቡስ፣ ባቡር ይላል። እዚህ አንበሳ አለ፣ ሸገር አለ፣ ሃይገር፣ ሚኒባስ፣ ባጃጅ፣ የመሥሪያ ቤት ሰርቪስ፣ ኮንትራት፣ እግር አለ። አንድ ሰው በአንድ ጠዋት ሦስቱን ይነካል።

ሲሙሌሽን፣ ለምሳሌ ማትሲም፣ የከተማውን ሰው አንድ በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ ያስኬዳል። እሱም ነፃ ነው። ነገር ግን ብዙ መረጃና ጠንካራ ፕሮግራም ማድረግ ይፈልጋል። ቆጠራው 1999 ላይ በቆመበት ከተማ ለጀማሪ ከባድ ሸክም ነው። ፕሮግራም መጻፍ የሚወድ ሰው ካለ ግን አላስቆመውም፤ መረጃ ለሌለበት ከተማ እንዴት እንደሚሠራ ማሳየት ራሱ ምርምር ነው።

ካርታ መሥራትም ምርምር ይሆናል። ናይሮቢ ውስጥ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ስልካቸውን ይዘው ማታቱ የሚባሉትን ሚኒባሶች እየተሳፈሩ መስመሮቹን መዘገቡ። ከናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ፣ ከአሜሪካዎቹ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲና ኤምአይቲ ሰዎች ጋር ሆነው የሠሩት ካርታ በ2014 እ.ኤ.አ. ወጣ፤ ከ130 በላይ መስመር ይዟል። የእኛን ሚኒባሶች መስመር የሚያውቀው አሁንም በዋናነት ረዳቱና ተራ አስከባሪው ነው።

የመጨረሻው ቁጭ ብሎ ከሰው ጋር መነጋገር ነው። ብዙ የምህንድስና ሰዎች ይንቁታል። እኔ ግን ማንኛውንም ዘዴ ብትመርጡ ከዚህ ጀምሩ እላለሁ፤ ምክንያቱም ሳላደርገው ቀርቼ ዋጋ ከፍያለሁ።

የማስተርስ መረጃዬን ስሰበስብ የውጭ መጠይቅ ተርጉሜ ወጣሁ። "ትናንት ስንት ጉዞ አደረጉ?" ይላል አንዱ ጥያቄ። ቱሉ ዲምቱ አንዲት እናት ቡና እያፈሉ ሰሙኝና "ኧረ እኔ የምን ጉዞ ልጄ! ቁልቢ ከሄድኩ ስንት ዘመኔ" አሉኝ። ዜሮ ብዬ ጻፍኩ። ቡናው ሲደርስ ወሬ ቀጠልን። ለካ በዚያው ቀን ጠዋት ኪዳን ደርሰዋል። ከዚያ ወፍጮ ቤት። ከዚያ ጉሊት። የልጅ ልጃቸውን ከትምህርት ቤት አምጥተዋል። ማታ ለቅሶ ደርሰዋል። አምስት ጊዜ ወጥተዋል፣ ሁሉንም በእግር። እኔ የጻፍኩት ዜሮ ነው። በአማርኛ "ጉዞ" ብላችሁ ስትጠይቁ ሰው የሚያስበው ክፍለ ሀገር ነው፣ ንግሥ ነው። "ከቤት ወጥተው ነበር? መጀመሪያ የት ሄዱ? ከዚያስ?" እያሉ መሄድ ነው የሚሻለው። አስቡት፣ በዚያ አንድ ቃል ምክንያት የስንት ሴቶች እግር ከመረጃው ወጥቷል።

ሰዓቱም እንደዚሁ ነው። አብረውኝ የሚሰበስቡት ልጆች ግማሾቹ በእኛ ሰዓት ጻፉ፣ ግማሾቹ በፈረንጅ። ኮምፒውተሩ 12:30 የሚለውን እኩለ ቀን አድርጎ ወሰደው። ሰንጠረዡን ስከፍት ግማሹ የሰፈር ሰው በምሳ ሰዓት ለሥራ የሚወጣ ሆነ። ስልክ ቁጥር የሰጡንን ሁሉ አንድ በአንድ እየደወልኩ ሳስተካክል ሦስት ሳምንት ፈጀ። አሁን ሰዓት ከመጠየቄ በፊት "ጠዋት ነው? ረፋድ? ማታ?" ብዬ አስጀምራለሁ።

ማቆራረጥ ደግሞ አለ። ማታ ከሳሪስ ቱሉ ዲምቱ የሚል ታክሲ አይገኝም። ቃሊቲ ድረስ ብቻ ይጭናል። ቃሊቲ ሲደርስ ያው ታክሲ፣ ያው ረዳት፣ "ቱሉ ዲምቱ!" ብሎ እንደገና ይጠራል። ከመቀመጫችሁ ሳትነሱ ሁለተኛ ትከፍላላችሁ። ሞዴሉ ይሄንን ምን ይበለው? ተሳፋሪው ታክሲ ቀየረ? ጉዞው ሁለት ነው? ዋጋው ጨመረ? መልሱ የሚወሰነው ጥያቄውን ባወጣው ሰው ነው። ታክሲው ውስጥ ተቀምጦ የማያውቅ ተመራማሪ ደግሞ ጥያቄው ራሱ አይመጣለትም።

ስለዚህ ምክሬ ይሄ ነው። ቁጥር የምትወዱ ከሆነ የምርጫ ሞዴል ያዙ። መጠይቃችሁን ከመጻፋችሁ በፊት ግን አንድ ወር ከሰው ጋር ተቀመጡ። ሰው ማናገር የምትወዱ ከሆነም ቁጥር አትሽሹ። ሁለቱን የሚያውቅ ሰው እዚህ አገር ጥቂት ነው፣ ሁሌም ይፈለጋል።

ዶክትሬት፦ እዚህ፣ ሳንድዊች፣ ወይስ ውጭ?

እዚህ መማር ትልቁ ጥቅሙ ሜዳው አጠገባችሁ መሆኑ ነው። አንድ ቁጥር ካጠራጠራችሁ ነገ ጠዋት ሄዳችሁ ትጠይቃላችሁ። ቤተሰብ አይበተንም። በጉዞ ባህሪ ላይ በቅርብ የሚያማክር ሰው ማግኘት ግን ቀላል አይደለም። ብዙዎች የማስተማር ሸክም ተጭኗቸው ነው የሚማሩት፣ ጊዜውም ይረዝማል። መረጃ ከመሥሪያ ቤት ማግኘትም ትዕግሥት ይጠይቃል። እኔ አንድ ፋይል ለማግኘት ደብዳቤ ይዤ ከቢሮ ቢሮ አራት ወር ተመላልሻለሁ። በመጨረሻ የሰጡኝ የታተመ ወረቀት ነው፤ ቁጥሩን በእጄ ወደ ኮምፒውተር አስገባሁት። ይሄንን የምነግራችሁ ጊዜያችሁን ስታቅዱ እንድታስቡበት ነው።

ውጭ ስትሄዱ አገሩ ይለያያል። ስዊድንና ኔዘርላንድስ ውስጥ የዶክትሬት ተማሪ በአብዛኛው ተቀጣሪ ነው። አራት ዓመት ገደማ፣ በደመወዝ። ማስታወቂያው እንደ ሥራ ይወጣል፣ እንደ ሥራ ታመለክታላችሁ። እንግሊዝ ሦስት ወይም አራት ዓመት ነው፤ ክፍያው ከባድ ስለሆነ ስኮላርሺፕ ሳይያዝ አይታሰብም። አሜሪካ አምስት ዓመት አካባቢ ይወስዳል፣ መጀመሪያ ኮርስ አለው፣ ብዙውን ጊዜ በረዳትነት ሥራ ወጪው ይሸፈናል። መሠረታቸው ሲቪል ለሆነና ሒሳባቸውን ማጠንከር ለሚፈልጉ የአሜሪካው ኮርስ ይጠቅማል። ጥያቄያቸውን አስቀድመው ለሚያውቁ ግን የአውሮፓው ይሻላል። በትራንስፖርት ብቻ ላይ የሚሠሩ ቤቶች አሉ፤ የሊድስ ዩኒቨርሲቲ የትራንስፖርት ጥናት ተቋም ከ1966 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ።

አፍሪካን አትርሱ። ኬፕታውን ዩኒቨርሲቲ የሚኒባስ ታክሲን ጉዳይ እንደ ዋና ጉዳይ አድርጎ የሚያጠና ቤት አለው። ኩማሲ፣ ጋና ውስጥ ያለው የክዋሜ ንክሩማ ዩኒቨርሲቲም በትራንስፖርት የቀጠናው ማዕከል አለው። እዚያ ስለ ሰልፍና ስለ ረዳት ማስረዳት አይጠበቅባችሁም፤ ያውቁታል።

ሳንድዊች የሚባለው፣ ከፊሉን እዚህ ከፊሉን ውጭ፣ ለእኔ የሠራልኝ እሱ ነው። መጠይቁ እዚህ፣ ትንተናው እዚያ። ከባዱ ነገር ሁለት አማካሪ መያዙ ነው። አንዱ ሞዴሉን ያያል፣ ሌላው አገሩን፤ መሀል ላይ የምትቆሙት እናንተ ናችሁ። ቢሆንም ልጅ ላለው ሰው፣ በተለይ ለእናቶች፣ ከሦስቱ የማስቀድመው ይሄንን ነው።

ውጭ ለምትሄዱ አንድ ልመና አለኝ። የጥናት ቦታችሁን አትቀይሩ። የስቶክሆልም መረጃ ንጹሕ ነው፣ ተዘጋጅቶ ይጠብቃችኋል፣ ያጓጓል። ስቶክሆልምን የሚያጠና ሰው ግን ሞልቷል።

ሥራው፦ ዩኒቨርሲቲ፣ ቢሮ፣ ወይስ አማካሪ ድርጅት?

ይሄኛው አጭር ነው። አማካሪ ድርጅት የተሻለ ይከፍላል፣ ጥያቄውን የሚያወጣው ግን ከፋዩ ነው። የመንግሥት ትራንስፖርት ቢሮ ወደ ውሳኔው ያስጠጋል፤ አንድ የአውቶቡስ መስመር ሲቀየር ስትመለከቱ ድካማችሁ ይረሳል። ጊዜያችሁን ስብሰባ ይበላዋል። ዩኒቨርሲቲ ደመወዙ ጠባብ ነው፣ ጥያቄው ግን የራሳችሁ ነው። ብዙ መምህራን በማማከር ይደጉማሉ። እኔም እንዲሁ። ልኩን ካላወቃችሁ ግን ምርምሩ ይቀራል። ሁለት ዓመት ሳላሳትም የቆየሁት በዚህ ምክንያት ነው፤ አሁንም ይቆጨኛል።

ስለማሳተም ካነሳን፣ "በሳምንት እናወጣላችኋለን፣ ገንዘብ ላኩ" ከሚሉ ጆርናሎች ሽሹ። ከኢትዮጵያ ለሚልክ ጸሐፊ ክፍያ የሚተዉ ደኅና አሳታሚዎች አሉ፣ ከመላካችሁ በፊት ጠይቁ። አገር ውስጥ ዘዴ የሚባለው የመሐንዲሶችና የአርክቴክቶች ጆርናል አለ። ለመጀመሪያ ጽሑፍ ጥሩ መነሻ ነው።

ለጎረቤቴ ልጅ የነገርኳት

ሐሙስ ዕለት ሰልፉ ላይ እንደገና ተገናኘን። በዚያን ቀን ሰልፉ ረዝሞ ስለነበር ጊዜ ነበረን። ሲቪሉን ጨርሺ አልኳት። የመመረቂያ ሥራሽን ከአስፋልት ወደ ሰው አዙሪው። የቡድን ጓደኞችሽ ተሽከርካሪ ይቁጠሩ፣ አንቺ ግን ከየተሽከርካሪው የሚወርደውን ሰው ቁጠሪ። በክረምቱ አር የሚባለውን የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ተማሪ። ለማስተርስ ስታመለክቺ ኢኮኖሜትሪክስ ከስድስት ኪሎ ጨምረሽ መውሰድ ይፈቀድልሽ እንደሆነ አስቀድመሽ ጠይቂ። ዶክትሬቱን አሁን አታስቢው።

"ታዲያ አሁን ምን ላድርግ?" አለችኝ።

ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት እዚሁ እንገናኝ አልኳት። ሰልፉ ውስጥ ማን ስንት ደቂቃ እንደሚቆም እንመዘግባለን። ማን ተስፋ ቆርጦ ሰልፉን ትቶ እንደሚሄድም እንጽፋለን፤ እነሱን እስካሁን ማንም አልቆጠራቸውም። ደብተርና ሁለት እስክሪብቶ ይዘሽ ነይ፣ ጠዋት ስለሚበርድ ጋቢ ደርቢ።